በአውቶሞቢል ውስጥ ስለሚሰማ የራዲዮ ጫጫታ ታሪክ

ራዲዮ ያለው መኪና የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ሞተሩ ሳይነሣ ንግግሩም ሙዚቃውም ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ራዲዮ፥ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ መንጣጣት ወይም ማፏጨት ይጀምራል። ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱ ይቀጥናል፤ ሲለቀቅ ይወፍራል። በዚህ ጊዜ ባለ መኪናው የሚያማው አብዛኛውን ጊዜ ራዲዮውን ነው። አስፈትቶ ያሳያል፤ አልሆነም ብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይጮኻል። ነገሩ በሥርዓት ሲመረመር ግን በደለኛው ራዲዮው ሳይሆን ራዲዮውን የተሸከመው መኪና ሆኖ ይገኛል።

በዚህ አጭር ጽሑፋችን የምናቀርበው ይህ ጫጫታ ከምን እንደ መጣ፣ በምን ዘዴ ተለይቶ እንደ ታወቀ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የማስወገዱ ዕዳ በየዘመኑ በማን ላይ እንደ ወደቀ ነው። ጉዳዩን የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጉዳይ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ብልጭታና ራዲዮ

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ራዲዮ መነሻ መመለስ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄንሪክ ኸርዝ በ1887 በካርልስሩኸ ከተማ ባደረገው ሙከራ በሁለት ብረቶች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ባስነሣ ጊዜ፥ ራቅ ብሎ በቆመና በክብ በታጠፈ ሽቦ ጫፎች መካከል ሌላ ትንሽ ብልጭታ ተነሥቶ አየ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሞገድ በአየር ውስጥ እንደሚሄድ በተግባር የተረጋገጠው በዚህ ሁኔታ ነው። ማርኮኒም ከዚያ በኋላ ያለ ሽቦ መልእክት ማስተላለፍ የጀመረው በብልጭታ ነበር። በ1912 ታይታኒክ የተባለው መርከብ በሰጠመ ጊዜ የእርዳታ ጥሪውን የላከው በብልጭታ በሚሠራ መሣሪያ ነው።

የብልጭታ ሞገድ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ብልጭታ እጅግ ድንገተኛ ስለ ሆነ የሚፈጥረው ሞገድ በአንድ ቁጥር ላይ አይወሰንም፤ በብዙ ቁጥሮች ላይ ተዘርግቶ የጎረቤትን ጣቢያ ይሸፍናል። ጣቢያዎች እየበዙ ሲሄዱ ይህ ሊቻል የማይችል ስለ ሆነ፥ በ1927 በዋሽንግተን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ የብልጭታ ማሰራጫዎች ቀስ በቀስ ከሥራ እንዲወጡ ወሰነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ብልጭታ ከመርከብና ከጣቢያ እንዲወጣ ሲፈረድበት፥ በዚያው ዘመን በየመንገዱ በሌላ መልክ ይበዛ ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ ያዘጋጀው፣ ማስነሻውንም መብራቱንም ማቀጣጠያውንም በኤሌክትሪክ የሚያሠራው ሥርዓት በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ በኋላ፥ ቤንዚንን በባትሪና በቦቢና ማቀጣጠል በሰፊው ተለመደ። ቦቢናው የባትሪውን ትንሽ ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርግና በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ያስነሣል። ሂሳቡን ብናሰላው፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚቀጣጠል፥ በደቂቃ 6,000፣ በሴኮንድ 100 ብልጭታ ይነሣል። ከቦቢናው ወደ ካንዴላዎቹ የተዘረጉት ሽቦዎችም እንደ አንቴና ያገለግላሉ። እንግዲህ የቤንዚን መኪና ማለት ባለቤቱ ሳያውቀው የዋሽንግተን ጉባኤ የፈረደበትን ዓይነት ማሰራጫ ይዞ የሚዞር ጣቢያ ነበር ማለት ነው።

በ1930 የተደረገው ሙከራ

በዚህ ጣቢያ ላይ መቀበያ ራዲዮ ለመትከል ያሰቡ ሰዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነበሩ። በሰፊው ተሳክቶ ወደ ገበያ እንዲወጣ ካደረጉት መካከል ግን በቺካጎ የነበረው ፖል ጋልቪን ይጠቀሳል። ጋልቪን በ1928 ያቋቋመው ኩባንያ በባትሪ ይሠሩ የነበሩ የቤት ራዲዮኖች ከቤት ኤሌክትሪክ እንዲሠሩ የሚያስችል መሣሪያ ይሠራ ነበር። የ1929 የገንዘብ ቀውስ በደረሰ ጊዜ ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነበት። ከኤልመር ዌቨሪንግና ከዊልያም ሊር ጋር ተባብሮ በስቱድቤከር መኪናው ላይ ራዲዮ ገጠመ፤ በሰኔ 1930 የራዲዮ ሠሪዎች ማኅበር ስብሰባ ወደሚደረግበት ወደ አትላንቲክ ሲቲም እየነዳ ሄደ። በስብሰባው የኤግዚቢሽን ቦታ ስላልነበረው መኪናውን ውጭ አቁሞ ለመንገደኛው አሰማ። ለዕቃው ያወጣለት ስም ሞቶሮላ ነበር፤ በኋላም የኩባንያው ስም ሆነ። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ይደርስ ነበር። በጀርመንም ብላውፑንክት በ1932 የመኪና ራዲዮ አወጣ።

የእነዚህ ሰዎች ዋናው ድካም ራዲዮውን በመሥራት ሳይሆን መኪናውን ዝም በማሰኘት ላይ ነበር። ያገኙት መድኀኒት በየካንዴላው ራስና በዲስትሪቡተሩ መሐል ሽቦ ላይ 10,000 ኦም ያህል መጠን ያለው ሬዚስተር ማስገባት፥ በዲናሞውም ላይ ኮንደንሰር መግጠም ነው። ለብልጭታው የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ፍሰት አነስተኛ ስለ ሆነ ሬዚስተሩ ማቀጣጠሉን አይከለክልም፤ ሞገዱን የሚፈጥረውን ድንገተኛ ፍጥነት ግን ያለዝበዋል። ኮንደንሰሩ ደግሞ የባትሪውን ቀጥተኛ ፍሰት ሳይነካ የሚርገበገበውን ሁከት ወደ ማሳ፥ ማለት ወደ መኪናው ብረት አካል ይመልሰዋል። ይህም ሆኖ ብዙ ነጂዎችና መካኒኮች ሬዚስተር የሞተር ጉልበት ይቀንሳል እያሉ ይጠሉት ነበር።

ራዲዮው ራሱም ከነቀፌታ ነፃ አልነበረም። በዚያ ዘመን የነበሩት የራዲዮ አምፖሎች ከመኪናው ባትሪ ስድስት ቮልት እጅግ የበለጠ ስለሚፈልጉ፥ በመጀመሪያ ሌሎች ባትሪዎች ከወለሉ በታች ይቀመጡላቸው ነበር። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ይህን የተካው ቫይብሬተር የተባለው እየተንቀጠቀጠ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው። እርሱ ግን በየንቅጥቅጡ የራሱን ብልጭታ ስለሚያስነሣ በብረት ቆርቆሮ ውስጥ መዘጋት አስፈለገው። ጫጫታን እናስወግዳለን ያሉት መሐንዲሶች አዲስ የጫጫታ ምንጭ በራዲዮው ሆድ ውስጥ አገቡ ማለት ነው።

አንቴናውም የራሱ ታሪክ አለው። የቀድሞ መኪኖች ጣሪያ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ስለ ነበረ አንቴናው በጣሪያው ውስጥ ይሸሸግ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ለ1935 ሞዴሎቹ ጣሪያውን በሙሉ ከብረት በሠራ ጊዜ ግን ብረቱ ሞገዱን ስለሚጋርድ ያ ቦታ ጠፋ። አንቴናው ለጥቂት ጊዜ ከመርገጫው ሥር ከተሰቀለ በኋላ ዛሬ ወደምናውቀው ቀጥ ያለ ዘንግ ተለወጠ። መኪናው ሲጠነክር ራዲዮው ደከመ፤ በአንዱ በኩል የተደረገው መሻሻል በሌላው በኩል ችግር ሆነ።

የምርመራው ሥርዓት

ጫጫታን ለይቶ ማወቅ እንዴት ያለ ቁም ነገር እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በዚሁ ዘመን ተፈጽሟል። ካርል ጃንስኪ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ አትላንቲክን አቋርጦ የሚሄደውን የራዲዮ ስልክ የሚያውከውን ጫጫታ እንዲመረምር ታዘዘ። በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሠርቶ የሰማውን ሁሉ መዘገበ፤ ጫጫታውንም በሦስት ከፈለው። አንዱ የቅርብ መብረቅ፣ ሁለተኛው የሩቅ መብረቅ፣ ሦስተኛው ምንጩ ያልታወቀ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ነበር። ይህን ሦስተኛውን ሳይሰለች በመከታተሉ ከፍኖተ ሐሊብ፥ ማለት ከከዋክብቱ ጭፍራ የሚመጣ መሆኑን በ1933 አሳተመ። የራዲዮ ሥነ ከዋክብት የተጀመረው ከዚህ ነው። ጃንስኪ ከሌሎች የተለየው ጫጫታን በጅምላ ጫጫታ ብሎ ስላልተወው ነው።

የመኪና ራዲዮ ባለሙያዎችም በየጋራዡ የደረሱበት ሥርዓት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ መለየት፣ ቀጥሎም መፍረድ። ሥርዓቱ ዛሬም ስለሚጠቅም ባጭሩ እናቀርበዋለን።

መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ራዲዮው ብቻ ተከፍቶ ይደመጣል። በዚህ ጊዜም ጫጫታ ካለ ምክንያቱ አንቴናው፣ ራዲዮው ራሱ ወይም በአካባቢው ያለ የኤሌክትሪክ መሥመር ነውና መኪናውን ከመሥመሩ አርቆ ማየት ይገባል። ሁለተኛ፥ ሞተሩ ተነሥቶ የአንቴናው ገመድ ከራዲዮው ይነቀላል። ጫጫታው ከጠፋ ይገባ የነበረው በአንቴናው በኩል ነው፤ ካልጠፋ ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ በኩል ነው። ሦስተኛ፥ በቆመ መኪና ሞተሩ በኀይል እንዲዞር ከተደረገ በኋላ ራዲዮው ሳይዘጋ የሞተሩ ቁልፍ ብቻ ይጠፋል። ጫጫታው ወዲያውኑ ቀጥ ካለ ምንጩ የካንዴላው ብልጭታ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ እየወፈረ ቀስ ብሎ የሚሞት ፉጨት ከሆነ ግን ዲናሞው ነው። ሥርዓት የሌለው መንጣጣት ደግሞ በቀድሞዎቹ መኪኖች የዲናሞው መቆጣጠሪያ ምልክት ነበር።

አራተኛው ምርመራ በደረቅ መንገድ ላይ ብቻ ለሚሰማ ጫጫታ ነው። ጎማው ከመንገዱ ጋር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ በኩሽኔቱ ውስጥ ያለው ግራሶም ይህ ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል በደኅና እንዳያልፍ ስለሚያግደው እየዘለለ ይንጣጣል። የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ባለሙያዎች ፍሬን በቀስታ ሲረገጥ ጫጫታው ከጠፋ ምንጩ ጎማው መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ጎማውንና አካሉን ያገናኛል። መድኀኒቱም በፊት ጎማዎች መሐል ክዳን ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሞላ ነበረች። እነርሱ ይህን የሚሞክሩት ሞተር አጥፍተው መኪናው በራሱ ሲንሸራተት ነበር፤ የዛሬ መኪኖች ግን መሪያቸው ሊቆለፍ፣ ፍሬናቸውም ሊከብድ ስለሚችል ማንም እንዳይሞክረው እናስጠነቅቃለን።

ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግን የማሳው ነገር ነው። የአንቴናው እግር ከመኪናው ብረት ጋር በቀለም ወይም በዝገት ከተለየ፥ ገመዱን የሚጠብቀው የሽቦ ልባስ ራሱ ሁከት ሰብሳቢ ይሆናል። የሞተሩ ክዳን ከአካሉ ጋር በደንብ ካልተገናኘም በሥሩ ያለውን ብልጭታ አይጋርድም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ጫጫታ በብርጭቆ ወረቀትና በአንድ ቁራጭ ሽቦ ሊድን የሚችለው ስለዚህ ነው። እንዲሁም የድምፅ መድከምና ጫጫታ አንድ መስለው እንደሚታዩ መዘንጋት የለበትም። የሚመጣው ሞገድ ደካማ ሲሆን ራዲዮው ራሱ የመቀበል ኀይሉን ከፍ ስለሚያደርግ ጫጫታውም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ የአንቴናው ገመድ ተቆርጦ ወይም ውኃ ገብቶበት እንደ ሆነ ሳይመረመር በካንዴላና በዲናሞ ላይ መፍረድ አይገባም።

ከባለ መኪናው ወደ ጎረቤት

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ጫጫታ የሚጎዳው ባለ መኪናውን ብቻ ነበር። ራዲዮ የሚፈልግ ሰው ሬዚስተሩንም ኮንደንሰሩንም በገንዘቡ ይገዛል፤ ራዲዮ የሌለው ሰው ግን ስለ ሞተሩ ሞገድ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። ከራስ በላይ ነፋስ እንደሚባለው ነው።

ይህን ሁኔታ የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጦር ሜዳ የአንዱ ካሚዮን ሞተር የሌላውን ታንክ ራዲዮ ሊያደነቁር ስለሚችል፥ የአሜሪካ ጦር ሁከታቸው የተገታላቸውን መኪናዎች በመለያ ቁጥራቸው መጨረሻ ኤስ የሚል ፊደል ይጽፍባቸው ነበር። ለታንኮቹም ኤፍ ኤም የሚባለውን የራዲዮ ስልት መረጠ። ይህን ስልት የፈጠረው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሲሆን፥ መልእክቱ በሞገዱ ጉልበት ሳይሆን በድግግሞሹ መለዋወጥ ስለሚያዝ መቀበያው በጉልበት በኩል የሚመጣውን የብልጭታ ሁከት አብዛኛውን ቆርጦ ይጥለዋል። በጦርነቱም ጊዜ አርምስትሮንግ ጦሩ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። በ1936 ከለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ የተጀመረው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ያሰራጭ የነበረው በ45 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሲሆን፥ በዚህ አካባቢ የመኪና ብልጭታ እጅግ ብርቱ ነው። በመንገድ አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር በቤት ውስጥ በተቀመጠው ተመልካች ሥዕል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይዘንብ ነበር። እንግዲህ አሁን የሚጮኸው አንዱ፣ የሚጎዳው ሌላው ሆነ። ባለ መኪናው ጎረቤቱን ለማስደሰት ሬዚስተር አይገዛም፤ ጎረቤቱም የሰው መኪና ከፍቶ ሬዚስተር ሊያስገባ አይችልም። ይህን ሊፈርድ የሚችለው ሕግ ብቻ ነው።

ስለ ራዲዮ ሁከት ልክ የሚያወጣው ሲስፐር የተባለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ1934 በፓሪስ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ብሪታንያ በ1949 ባወጣችው የራዲዮ ሕግ መሠረት በ1952 ደንብ ደነገገች፤ ከሐምሌ 1953 ጀምሮ አዲስ የቤንዚን መኪና ሁሉ የሁከት መገቻ እንዲኖረው ግድ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቁጥር 10 ደንብ በ1969፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ መመሪያም በ1972 ተከተሉ። ሬዚስተሩም ከባለ መኪናው ኪስ ወጥቶ ወደ ፋብሪካው ገባ። በመጀመሪያ በካንዴላው ሽቦ ውስጥ፣ በኋላም በካንዴላው ሆድ ውስጥ ተሸሸገ። ዛሬ ኤንጂኬ በተባለው ካንዴላ ቁጥር መካከል የሚታየው አር የሚለው ፊደል ይህን ሬዚስተር የሚያመለክት ነው። ያችን ፊደል ሳያይ አር የሌለውን በምትኩ የሚገጥም ሰው የሃያ ዓመት ክርክር የፈታውን ነገር መልሶ ያበላሸዋል።

በአገራችን የሚታየው

በአገራችን የመኪና ራዲዮ አይሰማም የሚባልበት አንድ ምክንያት ከሁከት ጋር ግንኙነት የሌለው ስለ ሆነ ለይተን እናነሣዋለን። ለጃፓን አገር የተሠራ መኪና ራዲዮ ኤፍ ኤም የሚቀበለው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ጃፓን በቅርብ ዓመታት እስከ 95 አስፍታዋለች። በአዲስ አበባ ግን በ97.1 ወይም በ102.1 የሚሰሙ ጣቢያዎች ከዚህ ወሰን ውጭ ናቸው። ስለዚህ ከጃፓን ተገልግሎበት የመጣ መኪና ራዲዮው ደኅና ሆኖ ሳለ እንደ ተበላሸ ይቈጠራል። መድኀኒቱ በአንቴናው ገመድ መካከል የሚገባ፣ ጣቢያውን ወደ ታች የሚያወርድ መለወጫ ነው። መለወጫው በ12 ሜጋ ኸርዝ የሚያወርድ ቢሆን 97.1 የነበረው ጣቢያ በ85.1 ላይ ይገኛል። ማሳው በደንብ ካልታሰረ ግን የራሱን ጫጫታ ሊጨምር ይችላል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ደግሞ በቅርቡ መጥቷል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ካንዴላ ስለሌለው ዝም ያለ ይመስላል። ነገር ግን የባትሪውን በመቶ የሚቈጠር ቮልት ለሞተሩ የሚያዘጋጀው መሣሪያ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚያገናኝና ስለሚያቋርጥ፥ ሁከቱ እስከ መካከለኛው ሞገድ ይደርሳል። መከላከያው ብረት ልባስና ማጣሪያ ነው፤ ይህም ዋጋና ክብደት አለው። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ከመክፈል የመካከለኛውን ሞገድ መቀበያ ከመኪናው ማውጣትን መረጡ። ፎርድ በ2023 ከአዲስ ሞዴሎቹ እንደሚያወጣው ካስታወቀ በኋላ፥ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች የአደጋ ማስጠንቀቂያ በዚህ ሞገድ እንደሚተላለፍ ባሳሰቡ ጊዜ በዚያው ዓመት ሐሳቡን ለወጠ።

ይህ ነገር እኛን የማይመለከት አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ሲጋርደው ይቋረጣል፤ የመካከለኛው ሞገድ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ሩቅ ይደርሳል። ተራራማ በሆነ አገር ከከተማ ወጥቶ የሚሄድ ሰው የትኛው እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው።

ከዚህ በላይ ካቀረብነው ታሪክ የምንረዳው ጫጫታ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ እንደማያውቅ ነው። ጉዳቱ በባለ መኪናው ላይ ብቻ በነበረ ጊዜ ባለ መኪናው ከፈለ፤ ለጎረቤት በተረፈ ጊዜ ሕግ ፋብሪካውን አስከፈለ፤ አሁን ደግሞ ጫጫታውን ከመግታት ይልቅ ጆሮውን መድፈን የሚቀልላቸው ሠሪዎች ተነሥተዋል። በእኛ አስተያየት ወደ አገራችን ለሚገቡት መኪናዎች ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ መኪናው በመካከለኛው ሞገድ ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ መቀበያውም ከነጭራሹ አለመቅረቱን መጠየቅ ይገባቸዋል። ለመለካት የሚያስፈልገው ዘዴ ከላይ እንደ ገለጽነው ከ90 ዓመት በፊት የታወቀ ነው። የቀረው በማን ኪስ እንደሚከፈል መወሰን ብቻ ነው።